ቤት ውስጥ ስንት ወንድ ናችሁ?

ያ የኳስ ነገር በጠቅላላው ያስከፈለኝ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ፣ የአንድ ሰው ሰላምታና አንድ ወንድም ነው። ነጋዴ ዋጋውን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገዥው ዕቃውን ዳስሶ፣ አገላብጦ፣ ልቡ ከገባ በኋላ። እኔ ዛሬ አስቀድሜ ተናገርሁ። የምሸጠው ነገር የለኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ጠፍር ነው። ባለፈው ሳምንት ከቆላ ድባ የመጣ ባላገር አንድ ሸክም ጠፍር ሱቄ በረንዳ ላይ ዘረገፈ። ሞራ በደንብ የጠጣ፣ እጅ ላይ የሚለዝብ ጠፍር ነው። ሰውየው ዋጋ ይጠራል፣ እኔ አልሰማውም፤ ሽታው ይዞኝ ሄዷል። እርጥብ ቆዳ፣ ሞራ፣ ከሥሩ ደግሞ የባሕር ዳር የክረምት ጭቃ። «ባለሱቅ፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። በጠራው ዋጋ ገዛሁት። በንግድ ዘመኔ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ እስካሁንም አንድ ክንድ አልተሸጠልኝም።

ሽታው የአንዲት ኳስ ሽታ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቀበሌያችን አንዲት የቆዳ ኳስ ነበረችው፤ የምታድረውም እኛ ቤት ነው። የቀበሌው መጋዘን ያፈስሳል፣ አይጥም አለበት፤ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ኑሩ የቡድኑ በረኛ ነው። ስለዚህ ኳሷን የመያዝ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከጨዋታ ስትመለስ ውኃ ጠጥታ ድንጋይ ታክላለች። በጨርቅ እጠርጋታለሁ፤ ከምድጃው ራቅ አድርጌ አደርቃታለሁ፤ ከዚያ ከሥጋ ቤት የሚሰጠኝን ሞራ በአውራ ጣቴ ስፌት ለስፌት እቀባታለሁ። በጨዋታ ቀን ጠዋት ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ወስጄ መንፊያ እዋሳለሁ። ሰባ ጊዜ ነው የሚነፋ። ከሰባ ካነሰ ትልፈሰፈሳለች፣ ከበለጠ ስፌቷ ይተረተራል። ቁጥር የተማርሁት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ስለ ወዛደር ነበር።

ሥራዬ የኮራሁበት ቢሆንም ቡድኑ የሚያኮራ አልነበረም። ስምንት ቀበሌዎች በደርሶ መልስ ይጋጠማሉ፤ በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ጨዋታ። እኛ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ያደረግነውን ሁሉ ተሸነፍን። አምስት ለባዶ፣ አራት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ። አንዷን ያገባልን የነሱ ተከላካይ ነው፤ ተሳስቶ።

የበዛው ጎል የሚገባው በወንድሜ በኩል ነበር። ኑሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የእናቴ ቀኝ እጅ እሱ ነው፤ ጨው ከወረታ የሚያመጣ እሱ፣ ገበያ ቀን የሚመዝን እሱ። ሲመዝን እጁ አይዛነፍም። ዐይኑ ግን ከሩቅ አያይም፤ ኳስ አጠገቡ ስትደርስ ነው እንግዳ እንደመጣበት ሰው የሚደነግጠው። ዱባ ቢወረውሩለት የሚቀልብ አይደለም። ጎል በገባ ቁጥር ዞር ብሎ ይፈልገኛል፣ ፈገግ ይላል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ኋላ እደበቃለሁ። ያን ክረምት ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይሄን ነበር። ጉማሬ እፈራለሁ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጥቁር መነጽር እፈራለሁ፣ ከሁለቱም አብልጬ ግን ኳስ ወደ ኑሩ ስትመጣ እፈራለሁ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ደበላ ይባላሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ናቸው፤ ከድሬዳዋ ነው የመጡት። ረጅም፣ ጥፍራቸው ሥር ግራሶ የማይጠፋ፣ ፊሽካቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፊያቸውን አውልቀው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው፣ «ጤና ይስጥልኝ ጓድ ኳስ ጠባቂ» ይሉኛል። በሰፈሩ እንደ ሰው ሰላም የሚለኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው ራሴን ነው የሚዳስሰው፤ ሐብሐብ የሚገዛ ይመስል።

ተጫዋች የመረጡ ዕለት እዚያው ነበርሁ። ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የቀበሌውን ወጣት ሁሉ አሰለፉ። እኔ ኳሷን ታቅፌ፣ አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ያስመቷቸዋል እላለሁ። አላስመቱም። በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር አወጡና ከወዲያ ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ ጠየቁ፤

«ቤት ውስጥ ስንት ወንድ ናችሁ? አባት አለ?»

መልሱን ይጽፋሉ፤ ሰፈሩን ይጽፋሉ፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ኑሩ ዘንድ ሲደርሱ እሱ ዐይነ አፋር ነው፣ ተንተባተበ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ሁለት ነን!» ብዬ ጮህሁ።

ጋሽ ደበላ ቁልቁል አዩኝ። «አንተን ቆጥረህ?»

«አዎ።»

ሳቁ። «አንድ» ብለው ጻፉ። በጣም ነው የከፋኝ።

ከኑሩ ቀጥሎ የቆመው ዳኛቸው ነው። ዳኛቸው ማለት ሸንኮራ እየላጠ በጉልበቱ ኳስ የሚያነጥር፣ ሸንኮራውን ጨርሶ ኳሷን መሬት የማያስነካ ልጅ ነው። በሰፈሩ ኳስ ቢኖር እሱ እግር ላይ ነው። ስንት ናችሁ ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «አራት» አለ። ጋሽ ደበላ ደብተራቸውን ዘጉ፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «አንተ ጎበዝ ነህ» አሉት። «ግን አራት ናችሁ።» አለፉት።

እኛ ልጆች ነገሩን ለብዙ ቀን መረመርነው። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ይሄ ነው፦ ብዙ ወንድ ካለበት ቤት የወጣ ልጅ ከመሶብ እየተሻማ ስላደገ ኳስ ማቀበል አይሆንለትም፤ ጋሽ ደበላ ይሄን ያውቃሉ። የድሬዳዋ ብልኃት ነው ተባለ። በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ሲገባብን ብልኃቱ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል አልን። በስድስተኛው ጨዋታ ጋሽ ደበላ ኳስ አያውቁም አልን።

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ በየጁምዓው የተጠበሰ ዓሣ በሳሕን ሸፍና ወደ ጋሽ ደበላ ቤት ትልከኛለች። «አይበላሽ፣ ፈጠን በል፣ ማንም ቢጠይቅህ ለታመመ ጎረቤት ነው በል» ትለኛለች። እኔ በገባኝ መጠን ጉቦ ነው፤ ሰነፍ ልጇን በረኛ እንዲያደርጉላት። ሳሕኑን ይዤ ስሄድ በጓሮ በኩል ነው የምሄደው። አንድ ቀን በሩን ስከፍት ሌላ እናት እንቁላል ይዛ ስትወጣ አገኘኋት፤ የግራ ተከላካያችን እናት ናት። ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ተላለፍን። የሁሉም ሰነፍ ተጫዋች እናት አሰልጣኙን የምትመርቅበት ቡድን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ይሄ ብቻ እንኳ ሊነግረኝ በተገባ ነበር። ልጅ ግን ያየውን ይይዛል እንጂ አይደምረውም።

ተጫዋች የሆነ ሁሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር፤ የቀበሌው ስፖርተኛ ነው የሚል። ኑሩ በላስቲክ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞራል። ሸሚዙን ሲያጥብ ወረቀቱን አውጥቶ ለእናቴ ይሰጣታል፤ እናቴ ጡቷ ሥር ትይዘዋለች፤ ሸሚዙ ሲደርቅ ትመልስለታለች። ስድስት ለአንድ የተሸነፈ በረኛ በወረቀቱ እንዲህ መመካቱ ያሳፍረኝ ነበር።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ገበያው ሞልቷል። እናቴ ጨው ትሸጣለች፣ ኑሩ ይመዝናል፣ እኔ ዳኛቸውን አያለሁ፤ ማዶ ከሸንኮራ ሻጮቹ ዘንድ ቆሟል። መጀመሪያ ያወቀው ሚዛናችን ነው። ባዶዋ ሳሕን በሰንሰለቷ ላይ ሆና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ኑሩ በእጁ ያዛት። ለቀቃት። አሁንም ተንቀጠቀጠች። ከዚያ በኋላ ነው ወጣት አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ የሚወስዱት የወታደር መኪኖች፣ የኡራሎቹ ድምፅ የተሰማ፤ አንዱ በላይ በር፣ አንዱ በታች በር።

እናቴ አንገቴን ይዛ ከጨው ጆንያዎቹ ሥር ወሸቀችኝ፤ እኔን የሚፈልግ ባይኖርም። ከዚያ የማየው እግር ብቻ ነው። ባዶ እግር ይሮጣል፣ የበርበሬ ቁና ይገለበጣል፣ የወታደር ጫማ ቀስ ብሎ ይመጣል። የወታደሩ ጫማ አለመቸኮሉ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። በሁለቱም በር የተዘጋ ገበያ ውስጥ ማን ይቸኩላል? ከኑሩ እግር ፊት ለፊት ቆመ። በጆንያዎቹ ክፍተት ቀና ብዬ አየሁ፤ ኑሩን ኮሌታውን ይዞታል። ኑሩ በሁለት ጣቱ ወረቀቱን አወጣ። ሰውየው ማኅተሙን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ጽሑፉን ማንበቡን እንጃ። ኮሌታውን ለቀቀና ሸሚዙን በመዳፉ ደልድሎለት ሄደ።

ዳኛቸው ወረቀት የለውም። ሮጠ። ወላሂ፣ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ በሰው መካከል ኳስ እንደያዘ እየታጠፈ፣ እየሾለከ። ግን ሁለቱም በሮች ተዘግተዋል። ሦስት ሆነው አንስተው ወደ መኪናው ሲወረውሩት ሸንኮራው ከእጁ አልወደቀም።

እኔ ከጆንያ ሥር ሆኜ ያሰብሁትን ልናገር፤ ካልተናገርሁት ይሄን ሁሉ መጻፌ ለምኔ ነው። አጥቂያችን መሆን የነበረበትን ወሰዱት ብዬ ነው ያሰብሁት። ጎበዙን ወስደው ዱባ የማይቀልበውን ተዉልን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ፍርሃት ቤታችን ገባ፤ ተከራይም ሆኖ ተቀመጠ። እናቴ ከቤታችን ፊት ባለችው የጨው ሱቋ ውስጥ ሆና ዐይኗ ሚዛኗ ላይ ነው። አውቶቡስ ሲያልፍ ሳሕኗ ትወዛወዛለች፤ ኡራል ሲመጣ ትንቀጠቀጣለች፤ ልዩነቱን ሁላችንም ተማርነው። ገዥ እያነጋገረች ድንገት ዝም ትልና ሳሕኗን ታያለች፣ ገዥውም ያያል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ሌላ ድምፅ ስለማይሰማ ፍርሃቷ ይብሳል። ኑሩ ግን እንደ ወትሮው ነው። ወረቀቱን መታ መታ አድርጎ «ይሄ አለ አይደል» ይላታል። እሷ ትቆጣዋለች፤ «ወረቀት ነው፤ ውኃ የሚጠላ ነገር።»

የዳኛቸው እናት በየመንገዱ ታለቅስ ጀመር። «ልጄ ቡድኑ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ያ ድሬዳዌ ነው ልጄን የበላው» እያለች። ቃሏ በሰፈሩ ዞረ። ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ጎማ የሚያስጠግነው ሁሉ አሰልጣኙ ይነሣ አይነሣ እያለ ይከራከራል። ወጣቱ ይነሣ ይላል። ጠጋኙ ደግሞ በሬው ሰነፍ ሲሆን ሞፈሩን መቀየር ምን ያደርጋል ይላል። ዕድሜ የጠገቡት ጨዋታውን ወደ ዝናቡ ይለውጡታል። እኔ ኳሴን እየነፋሁ ሁሉንም እሰማለሁ። ልቤ ከወጣቱ ጋር ነው። እኔ ሳውቅ ዳኛቸው የቀረው አራት ስለሆኑ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ ፍርድ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ፍርድ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። የዳኛቸው እናት አራቱንም ነው ያማጠቻቸው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ምትኩ የሚባል የቀድሞ ልብስ ሰፊ ነው። በዝናብም ጥቁር መነጽር ያደርጋል። በአብዮት በዓል ቀን ከላይ የሚመጣ ባለሥልጣን ዋንጫውን ለአሸናፊው ቀበሌ ሊቀመንበር በእጁ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ምትኩ ለዚያ ቀን ካፖርት ማሰፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ካፖርቱ ቀረበ፤ ዋንጫው ራቀ። ስለዚህ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ወደ አዳራሹ ተጠራ። ሦስተኛው አጀንዳ የአሰልጣኙ ጉዳይ ነው።

የዚያን ጊዜ ስብሰባ ያላየ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ሂስ ስጡ ሲባል ዝም ማለት ወንጀል ነው፤ እውነቱን መናገር ደግሞ ሰው መግደል ነው። ስለዚህ ሕዝቡ መካከለኛ ዕቃ ፈጥሮ ነበር፦ ሚዛን የማያነሣ ሂስ። ጓድ እገሌ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል። ጓዲት እገሊት ጽዳት ዘመቻ ላይ አሮጌ መጥረጊያ ይዛ ትመጣለች። ሂስ ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፣ ማንንም አይጎዳም። ይሄን ዕቃ ትልልቁ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞ ነበር የሚመጣ። ለልጆች ግን ማንም አላስተማረንም።

ጋሽ ደበላ ፊት ለፊት፣ ለብቻቸው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮፊያቸው ጉልበታቸው ላይ። ሰዉ ሂሱን አወረደ። ፊሽካቸው ይጮኻል። ሰዓት አያከብሩም። የግራ ተከላካያችን እናት ለተጫዋች አይቆጡም አለች። እናቴ ተነሥታ «ልጆቹን በጨዋታ መካከል ውኃ በብዛት ያጠጧቸዋል» ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ደበላ ለእያንዳንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። አሁን ሳስበው የሂሱ ገበያ እየተዘጋ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ምትኩ ጠረጴዛውን መታ። ይሄ ሁሉ ሂስ አይደለም አለ። ከዚያ ወደ ልጆቹ አግዳሚ ዞረ። «ሕፃን አይዋሽም። የኳሷ ጠባቂ ይነሣ።»

ተነሣሁ። ጋሽ ደበላ አዩኝና ፈገግ አሉ። እናቴ ሻሿን በእጇ ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሕዝብ ላስቀው ፈለግሁ፤ ለዳኛቸውም ላዝንለት ፈለግሁ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

«ጋሽ ደበላ ተጫዋች ሲመርጡ ኳስ አያስመቱም» አልሁ። «ቤት ውስጥ ስንት ወንድ ናችሁ ብለው ይጠይቃሉ። አንድ የሆነ ይገባል፣ አራት የሆነ ይቀራል። ዳኛቸውም ለዚህ ነው የቀረ። ደብተራቸው ላይ ተጽፏል።»

ማንም አልሳቀም። ምትኩ መነጽሩን አወለቀ፤ ዐይኑን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ትንሽ፣ የደከመ፣ መርፌ ሲያሾልክ የኖረ ሰው ዐይን ነው። ልብስ ሰፊ ልኬት ያውቃል፤ በአንድ አፍታ ገባው። «እውነት ነው?» አለ።

ጋሽ ደበላ ውሸት ነው ማለት ይችሉ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ማን ያምነኛል። ግን በሊቀመንበር ፊት የዋሸ ልጅ ምን እንደሚደረግ፣ እናቱም ምን እንደምትደረግ ያውቃሉ። ተነሥተው ኮፊያቸውን አጠፉ። «ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ደብተሯን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«አሰልጣኙ ይነሣ የምትሉ?» አለ ምትኩ። እጅ ወጣ። በዚያ አዳራሽ እጅ ማውጣት ሐሳብ መስጠት አልነበረም። የእናቴ እጅም ወጣ፤ ሌላውን እጇን ግን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ጋሽ ደበላን ሁለት ሰዎች ወደዚያ ወደሚያፈስሰው መጋዘን ወሰዷቸው።

ቤት ስንገባ ዱላ ጠበቅሁ። ዱላ ቢሆን ርካሽ ነበር። እናቴ ጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን አወለቀች፤ ለረጅም ጊዜ ሚዛኗን አየች። ኑሩ «ልጅ ነው፣ እማዬ» አላት። እሷ እኔን አላየችኝም።

«ሰውየው ኳስ እያጫወቱ አልነበረም» አለችኝ። «ልጅ እየደበቁ ነበር። ወንድምህን ነበር የደበቁልን።»

ያኔ ሁሉም ባንዴ ተደመረልኝ። ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ ማኅተሙ፣ ስድስት ለአንዱ። ያን ዕለት ኳሷን ሞራ ስቀባ እጄ ስፌቱን አላገኝ አለኝ።

አዲሱ አሰልጣኝ ሃምሳ አለቃ ፈንቴ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኳስ ያውቅ ነበር። ጣጣውም ያ ነው። ሐሙስ ሁሉም ተጫዋች እንደገና ይፈተናል አለ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አሰብሁና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሐሙስ ጠዋት ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ አርባ ጊዜ ብቻ ነፋሁ። ኳሷ ከለሰለሰች ምቱ ይደክማል፤ ምቱ ከደከመ ኑሩ ያያታል፤ ካያት ይይዛታል። ጠጋኙ ስቆጥር ሰምቷል፤ አርባ ላይ ስቆም ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሃምሳ አለቃው ኳሷን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ተጫናት። አንድ ጊዜ ብቻ። «ሂድና ነፍተህ አምጣት» አለኝ፤ ቁጣ የለውም።

በጭቃው ላይ ሄድሁ። ጠጋኙ መንፊያውን ሰጠኝ። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ሃምሳ ላይ ልቁም አልሁ፤ የዚያ ሰው አውራ ጣት ታወሰኝ። ስልሳ ላይም ልቁም አልሁ። ሰባውን ሞላሁት። ወንድሜ የሚፈተንባትን ኳስ በእጄ ነፍቼ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ ወሰድሁ።

ሃምሳ አለቃው ራሱ አሥር መታበት። ስምንቱ ገባ። አንዷ ደረቱን መትታ ተመለሰች። አንዷን ግን ኑሩ ያዛት፤ በእውነት ዘልሎ፣ በሁለት እጁ፣ ሆዱ ላይ አጥብቆ። እንዴት እንዳያት አላህ ያውቃል። ጭቃው ውስጥ እንደተኛ ዞር ብሎ ፈለገኝና ሳቀ። ያን ጊዜ አልተደበቅሁም።

«በቃህ ወንድሜ» አለው ሃምሳ አለቃው። «ወረቀትህን መልስ።»

ያን ቀን ሰባት ልጆች ወረቀታቸውን መለሱ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጫነበት።

እናቴ ኑሩን ወደ ዘጌ ልታሻግረው ከአንድ ቡና ሻጭ ጋር ተስማማች። ታንኳው ማክሰኞ ነው የሚሄድ። ሰኞ ጠዋት ሚዛናችን ተንቀጠቀጠች። እናቴ ለመነሣት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ይሄኛው ኡራል እንደ ገበያው አፈሳ በር ዘግቶ የሚያስስ አይደለም፤ ከሱቃችን ደጃፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው በእጁ የያዛት በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር ናት። ስም፣ ሰፈር፣ አባት አለ ወይስ የለም፣ ስንት ወንድ፤ ሁሉም በጋሽ ደበላ ንጹሕ እጅ ተጽፏል። ቀበሌው ዝርዝር ለማዘጋጀት አልደከመም።

ኑሩ ለአንዲት ሴት ጨው እየመዘነ ነበር። ሳሕኖቹ እስኪስተካከሉ ጠበቀ። ሰዎቹም ጠበቁት። ጨውን ለሴትዮዋ አፈሰሰላትና «እማዬ፣ ሚዛኑን ያዥልኝ» አለ። ሄደ።

ከመኪናው ኋላ ሮጥሁ። አንዱን ጫማ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ጭቃው ዋጠው። አንድ ጫማ ለምን ይጠቅማል ብዬ ሌላውንም ወርውሬ በባዶ እግሬ ሮጥሁ። የመኪናው ሸራ ወርዷል፤ የትኛው ጭንቅላት ኑሩ እንደሆነ እንኳ አላየሁም። እሱም ከሩቅ አያይም።

ጋሽ ደበላ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ከመጋዘን ወጡ። ፋብሪካው ወደ ሌላ አገር አዛወራቸው። ከመሄዳቸው በፊት ፊሽካቸውን ሊወስዱ ወደ እኛ መጡ፤ ከኳሷ ጋር ያስቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። ከኮፊያቸው ሥር ራሳቸው ተላጭቷል። ኮፊያቸውን አላወለቁም፤ ጤና ይስጥልኝም አላሉኝም። ደጃፉ ላይ ቆመው ፊሽካውን ከእጄ ተቀበሉ። ታስረው ስለነበር የሆነውን አላወቁም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«አሁን ቤት ውስጥ ስንት ወንድ ናችሁ?»

«ሁለት ነን» አልሁ።

በራሴ በላይ አሻግረው ወደ ሱቁ ውስጥ አዩ። እናቴ ብቻዋን ሚዛኑን ይዛለች። አንተን ቆጥረህ አላሉኝም። ፊሽካውን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ።

ቡድናችን በዚያ ክረምት ከስምንት ቀበሌ አራተኛ ወጣ። ቤታችን ውስጥ የነበረው ወንድ አንድ ነው።